ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ፦ ስለ ማርሚታ ጋርኒሲዮን

(ደብረ ብርሃን ላይ ለሞተር ነጂ የገጠር ባለሙያዎች የተናገርኩት ነው። ጥያቄውንም ድግግሞሹንም እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ! ከመንዝ የመጣችሁ፣ ከይፋት የመጣችሁ፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ሌሊት ተነሥታችሁ ይህን የደብረ ብርሃን ውርጭ የተጋፈጣችሁ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አላችሁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ አላችሁ፣ የግብርና ልጆች አላችሁ። ሥራችን ለየቅል ነው። ግን ሁላችንም ጠዋት ተነሥተን የምንረግጠው አንድ ነገር ነው፤ የሞተር እስታርተር።

እኔም የመጣሁት በሞተር ነው። እነሆ ከበሩ ፊት ቆሟል፣ በመስኮት ይታያችኋል። ዛሬ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ማለቴ ነው፣ አብረን እንፈታዋለን። ታዲያ ለምን አሁኑኑ አንወጣም? ትኩስ ነዋ! በትኩስ ማርሚታ እጁን ያልተጠበሰ ሞተረኛ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? እስቲ እጁን ያውጣ። ... አያችሁ? አንድም የለም። ስለዚህ የኔን ንግግር ሰዓት አትቁጠሩበት። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ነው የማወራው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ድምፁን መለየት ነው። ሁለተኛው ዳዶውን፣ ቡሎን ላይ እየዞረ የሚያጠብቀውን ብረት፣ ሳይሰበር መፍታት ነው። ሦስተኛው አዲሱን ጋርኒሲዮን በሥርዓቱ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ብዙ ያለቀስኩት እሱ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ግን ጋርኒሲዮን ምንድን ነው? ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። የሞተራችሁ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ፊት ለፊት የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ማርሚታው ቱቦ እዚያ ቀዳዳ ላይ ይገጥማል፣ ከቴስታታው በወጡ ሁለት ቡሎኖች ላይ በሁለት ዳዶ ይታሰራል። ብረትና ብረት ግን ምንም ቢታሰር ሙሉ ለሙሉ አይገጥምም። ስለዚህ መሀሉ ላይ ቀለበት ይገባል። እንደ ጣት ቀለበት ነው፣ ትንሽ ሰፋ ያለ፤ አንዳንዱ ከመዳብ፣ አንዳንዱ ከስስ ብረትና ከግራፋይት የተሠራ። ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቱ ይጨፈለቅና ክፍተቱን ይሞላል። ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ መድፈን። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት! ይህቺን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስሙ ደግሞ አያስደንግጣችሁ። ጋርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ጣርማ በር ላይ ዋሻውን የቆፈሩት ጣሊያኖች ሄዱ፣ የጋራዡ ቋንቋ ግን እኛ ጋ ቀረ። ዛሬ የእኛው ቃል ነው። መለዋወጫ ቤት ገብታችሁ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው አይታለልም።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ፤ ድምፁ።

ጠዋት ሞተራችሁን ስታስነሡ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ፣ ከፊት በኩል ጭ፣ ጭ፣ ጭ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ስፌት መኪና? ነዳጅ ስትሰጡት የሚፈጥን? ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ቀስ እያለ የሚጠፋ? ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “ቫልቩ ነው” ይላል። እኔም ቫልቭ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አስተካክያለሁ፣ ለሁለቱም ጊዜ ከፍያለሁ፣ ድምፁ ግን አልሄደም። ለምን ሲሞቅ ጠፋ? ብረቱ በሙቀት ስለሚሰፋ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍነዋላ! በነጋታው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይከፈታል። ቀዝቃዛ ላይ ጎልቶ ሙቅ ላይ የሚከስም ድምፅ ስትሰሙ ከቫልቩ በፊት ማርሚታውን ጠርጥሩ።

ሁለተኛው ምልክት ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ የምትሰሙት ነው። ጋዙን ለቃችሁ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛችሁ ታደርጋላችሁ፣ ያን ጊዜ ከኋላ ጧ! ጧ! ይላል። ሰው ጥይት መስሎት ይደነግጣል። በተበላሸው ጋርኒሲዮን በኩል ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይሳብና ማርሚታው ውስጥ ካልተቃጠለው ቤንዚን ጋር ይገናኛል፣ እዚያው ይፈነዳል። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ሁሉም ጧታ ከጋርኒሲዮን አይደለም። እኛ ደጋ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡራቶር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር መቀላቀያ፣ ያለው ሞተር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ምልክት አትፍረዱ።

በምን ታረጋግጣላችሁ? ዓይናችሁን ወደ ቴስታታው አስጠጉ። ቱቦው በሚገጥምበት ዙሪያ ጥላሸት አለ? ጥቁር፣ ደረቅ፣ ከመገጣጠሚያው ወደ ውጭ የተረጨ የሚመስል? እሱ ነው። ካልታያችሁ ሰንደል ለኩሱ። አዎ፣ ቤት ውስጥ የምናጨሰው ሰንደል! ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሡና ጭሱን ወደ መገጣጠሚያው አስጠጉት። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ሞተር ከሆነ ግን በፍጹም እሳት አታስጠጉ፤ ያን ጊዜ የሳሙና ውሃ ይበቃል፣ ቀቡትና አረፋውን ተመልከቱ። የሰንደሉ ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደኅና ነው። እየተቆራረጠ እፍ፣ እፍ ከተባለ ጋዝ እየወጣ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ደብረ ሲና ይኖሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ከመሣሪያቸው ሣጥን ውስጥ ሁልጊዜ ሰንደል አይጠፋም ነበር።

ይህን ሁሉ የምናደርገው ውጭ ነው። ውጭ! በብርድ ምክንያት ሞተሩን ቤት አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ የምታሞቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እለምናችኋለሁ፣ ተዉ። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው የሚገድለው በምን ነው? ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከሞተር የሚወጣውም ያው ነው። ጋርኒሲዮኑ ደኅና ቢሆንም ከማርሚታው ጫፍ ይወጣል። ስንት ቤት በከሰል ሐዘን ገብቶበታል? እዚህ ያለን ሁላችን አንድ አንድ እናውቃለን። ሞተሩን ግፉና ደጅ አውጡት።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ። ዳዶው።

ታሪክ ልንገራችሁ። 2005 ዓ.ም. ነው። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ያን ጊዜ ደግሞ የበግ ፈንጣጣ ክትባት ዘመቻ ላይ ነበርኩ። በነጋታው ቆላ ወርጄ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ክትባቱን መጀመር ነበረብኝ። ሰዎቹ በጎቻቸውን ከየመንደሩ እየነዱ አንድ ዋርካ ሥር ሊሰበስቡልኝ ተነጋግረናል። ሞተሩ ግን ጭ ጭ ይላል። እኔ ደግሞ አዲስ ጋርኒሲዮን ገዝቻለሁ፣ ቁልፍ አለኝ፣ ጉልበት አለኝ። “ማታውን ልቀይረውና በሰላም ልውረድ” አልኩ። አመሻሽ ላይ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ዳዶ እሺ አለ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ዝገቱ ቀይ ሆኖ ዳዶውና ቡሎኑ አንድ ሆነዋል። ምን አደረግሁ? ቁልፉ ጫፍ ላይ የውሃ ቱቦ አስገባሁ፣ ክንዱን አስረዘምኩት። ጫንኩት። መዞር ጀመረ! እንዴት ደስ አለኝ! ግን አዟዟሩ ለስላሳ ነበር። ልብ በሉ፣ ለስላሳ ነበር፤ ማስቲካ እንደ ማዞር። ከዚያ ቀጭ አለ። ዳዶው እጄ ላይ ቀረ፣ የቡሎኑ ግማሽ ውስጡ አለ። ሌላኛው ግማሽ ቴስታታው ውስጥ፣ ከገጹ እኩል ተቆርጦ፣ የሚያዝበት የለው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ የመልቀም ዕድልም አላገኘሁም። በነጋታው ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ተሸክሜ በሕዝብ መኪና ወረድኩ፣ ከመንገዱ በእግሬ ሄድኩ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልቆየ ውሃ ማለት ነው፣ እናንተው ታውቃላችሁ። በየደቂቃው ሣጥኑን እያየሁ፣ በረዶው እየቀለጠ። ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ዋርካው ሥር ብዙ ሰው ተበትኗል። አንዲት እናት ብቻ ሰባት በጎች ይዘው ቁጭ ብለዋል። “ልጄ፣ ትመጣለች ብዬ ነው የቀረሁት” አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። የቀሩትን መንደር ለመንደር ሄጄ ለመከተብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ይህ ሁሉ ከአንድ ዳዶ ነው።

ማታ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ተሰብሯል አልኳቸው። ቡሎኑን በባትሪ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። “ሲለሰልስብሽ ለምን አላቆምሽም?” አሉኝ። ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ዛሬ ለእናንተ ላስተምር የመጣሁት እሷኑ ነው።

የዛገ ዳዶ ሲፈታ ይጮኻል። ሲጥ፣ ሲጥ ይላል፣ እንቅ እያደረገ ይሄዳል። ይህ መልካም ድምፅ ነው፤ ጥርስና ጥርሱ እየተላቀቁ ነው። ዳዶው ግን ድምፅ ሳያሰማ እንደ ጎማ እየተለጠጠ ከዞረላችሁ እየተፈታ አይደለም፣ ቡሎኑ እየተጠመዘዘ ነው። በዚያች ቅጽበት እጃችሁን አንሡ። ወዲያው አንሡ! አንድ አራተኛ ዙር ከጨመራችሁ ያልቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው ከዋዜማው ይጀምራል። ከምትፈቱበት ቀን በፊት ማታ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፣ ዝገቱን አራግፉ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ካላችሁ ዳዶው ሥር ንፉበት፤ ከሌለ ናፍጣ ቢሆንም ይረዳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ በትኩስ ቱቦ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነፋም፣ ይነድዳል። ከመተኛታችሁ በፊት ድገሙት፣ ጠዋት ድገሙት። ሦስት ጊዜ። ሌሊቱን ሙሉ ዘይቱ ለእናንተ ይሥራ።

ጠዋት ደግሞ በትክክለኛው ቁልፍ ነው። ዳዶውን ከስድስቱም ጎኑ የሚይዝ ክብ ቁልፍ ወይም ቡሶላ እንጂ አፉ የተከፈተ ቁልፍ አይደለም፤ እሱ ጥጉን ይበላዋል። መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው በኩል ሞክሩት። ከመፍታታችሁ በፊት ማጥበቅ! ዝገቱን የሚሰብረው ያ ነው። ከዚያ ወደ መፍቻው ትንሽ፣ መልሳችሁ ወደ ማጥበቂያው ግማሹን፣ እንደገና ወደ መፍቻው። እየመለሳችሁ፣ ዘይት እየጨመራችሁ። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ይውሰድ።

አሁንም እምቢ ካለ? ዘይቱን ጠርጋችሁ ሞተሩን ውጭ ጥቂት ደቂቃ አስነሥታችሁ አሙቁት። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ቡሎኑ ብረት ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ሲሞቅ ቀዳዳው ቡሎኑን ላላ ያደርገዋል። በወፍራም ጓንት፣ በጥንቃቄ፣ ያን ጊዜ ሞክሩት። ዳዶው ቡሎኑን ይዞት ሙሉ ለሙሉ ቢወጣም አትደንግጡ፤ አልተሰበረም፣ ወጥቷል ማለት ነው። ቡሎኑ ተመልሶ ይገባል ወይም በአዲስ ይቀየራል።

ይህም ካልሆነ ቁልፉን አስቀምጣችሁ ወደ መካኒክ ሂዱ። ሳይሰበር የሄደ ዳዶ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ተሰብሮ የሄደ ግን ቴስታታው በመሰርሰሪያ ይቦረቦራል፣ አንዳንዴም አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። የኔን ጋሼ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶባቸዋል። መሰርሰሪያው ወደ አሉሚኒየሙ እንዳይንሸራተት መሀሉን በነጥብ መምቻ እየመቱ፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ እየሄዱ። ላባቸው ሲንጠባጠብ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ባትሪ ያዝኩላቸው።

ሦስተኛው ነጥብ ቀላል ነው፣ ዳዶው ከተፈታ በኋላ ያለው ሁሉ ደስ ይላል።

ከእግር መርገጫው በኋላ በኩል ማርሚታውን ከሻንሲው ጋር የሚያስረውን ቡሎን አላሉት፣ ግን ቱቦው ከፊት ሳይለቅ ሙሉ ለሙሉ አታውጡት፤ ክብደቱ ይንጠለጠላል። ከፊት ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ እያደረጋችሁ አውጡት። አሁን ባትሪ አብሩና ቀዳዳውን እዩ። ምን ይታያችኋል? “ምንም የለም፣ ጋርኒሲዮኑ ወድቋል” ትላላችሁ። አልወደቀም! ጥላሸት ለብሶ፣ ከቴስታታው ጋር ተጣብቆ፣ የቴስታታው አካል መስሎ ቁጭ ብሏል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በአሮጌው ላይ አዲሱን ይደርብበታል፣ ቱቦው ይጣመማል፣ ከበፊቱ ብሶ ጋዝ ይተፋል። በቀጭን ካቻቪቴ ጫፍ ዙሪያውን ፈትሹ፣ ጠርዝ ካገኛችሁ እሱ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ክተቱ፣ ፍርፋሪ ወደ ቫልቩ እንዳይገባ። ጠርዙን በዝግታ አንሡት፣ አሉሚኒየሙን አትቧጭሩት። ሲጨርሱ ጨርቁን ማውጣት! ጨርቁን ማውጣት! አንድ ልጅ ሳያወጣ ገጥሞ ሞተሩ አልነሣ ብሎት ግማሽ ቀን ካንዴላ፣ እሳት የሚሰጠውን ማለቴ ነው፣ ሲቀያይር ውሏል።

አሮጌውን ቀለበት አትጣሉት። ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና መለዋወጫ ቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከአዲሱ ጋር አነጻጽሩት። ቦክሰር ይሁን፣ አፓቼ ይሁን፣ ያማሃ ይሁን ልኩ ይለያያል። ስትገዙ ደግሞ ሁለት ግዙ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማርሚታው “ይተፋል” ተብሎ ሙሉ ማርሚታ ሲገዛ በዓይኔ አይቻለሁ። ገጣጥመው ሲጨርሱ አሁንም ይተፋ ነበር፤ አሮጌውን ጋርኒሲዮን መልሰው አስገብተውታላ! ከመለዋወጫ ሁሉ ርካሹን ነገር ሳይገዙ።

አንድ ጊዜ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ጋርኒሲዮን አንድ ጊዜ ነው የሚጨፈለቀው። ማርሚታው በተፈታ ቁጥር አዲስ ይገባል። “ደኅና ይመስላል” አይሠራም። ገጠር ላይ ሆናችሁ ሌላ ካልተገኘና ቀለበቱ ጥፍጥፍ መዳብ ከሆነ ጋሼ ያደርጉት የነበረ አንድ ዘዴ አለ። ቀለበቱን በሽቦ አንጠልጥለው ከሰል ላይ እስኪቀላ ያግሉትና ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ሲጨፈለቅ የደነደነ መዳብ በእሳት ተመልሶ ይለሰልሳል። ቤት እስክትደርሱ ያደርሳችኋል። የቢራ ቆርቆሮ ቆርጦ ማስገባት ግን አይሆንም፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከዚያ ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ሞተሩ ሲጨናነቅ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቀዩ ሲሊኮንም የሚችለው ከ300 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፤ ይቃጠላል።

አዲሱን ስታስገቡ ቀለበቱ ከቀዳዳው እየወደቀ ያስቸግራችኋል። ጥቂት የግሪስ ቅባት ቀቡት፣ ይጣበቃል። ሲነሣ ትንሽ ይጨስና ያልቃል፣ አትፍሩ። ቱቦውን አስገቡ፣ ሁለቱን ዳዶ በጣታችሁ ብቻ አዙሩ፣ እስከሚቆም። የኋላውን ቡሎን ላላ አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ በቁልፍ ግራውን ግማሽ ዙር፣ ቀኙን ግማሽ ዙር። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ቀለበቱን በአንድ ጎን ይጨፈልቀዋል። ጎንበስ ብላችሁ ክፍተቱን እዩ፣ በሁለቱም በኩል እኩል መሆን አለበት።

ምን ያህል ይጥበቅ? የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ያላችሁ ለ8 ሚሊሜትር ቡሎን 20 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ለ6 ሚሊሜትር 10 ገደማ ነው፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያውን ስሙ። የሌላችሁ ደግሞ አጭር ቁልፍ ያዙ፣ እጃችሁን ወደ ዳዶው አስጠግታችሁ ያዙት፣ በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ ብቻ አጥብቁ። የውሃ ቱቦ አይገባም! ከፊት ካለቀ በኋላ የኋላውን ቡሎን እሰሩ። ሞተሩን አስነሡ፣ ይሙቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ፤ ቀለበቱ ሲረጋ ትንሽ ይላላሉ።

ጋሼ ዛሬ የሉም። የሰንደል ማስቀመጫቸው ግን እኔ ጋ ነው፣ ውጭ ሣጥኔ ውስጥ አለ።

እስቲ አንተ ወንድሜ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ ውጣና እጅህን ወደ ማርሚታው አስጠጋልኝ። ሳትነካው፣ መጀመሪያ ሳትነካው። ... ይሞቃል? ለብ ብሏል? አሁን በጀርባ እጅህ ንካው።

ቀዝቅዟል? እሺ። ትናንት ማታ ሁለቴ፣ ዛሬ ከመነሣቴ በፊት አንዴ ዘይት ነፍቼበት፣ ጠርጌው ነው የመጣሁት። ቁልፉን መጀመሪያ የሚይዘው ከዚህ በፊት ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ማነው? ነይ እህቴ፣ አንቺ ነሽ። ሁላችሁም ኑ፣ እንውጣ።